ከጓሳ አፋፍ እስከ ሮቢት ቆላ፦ ሙቀትና የሣር፣ የጭድና የቃጫ ሕንፃ ዕቃዎች ዕድሜ

የአንድ ሕንፃ ዕድሜ በሠሪው እጅና በዕቃው ዓይነት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የቆመበት አገር አየርም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይህን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ጧት የደረበውን ካፖርት ከቀትር በፊት አውልቆ ጥላ ሲፈልግ ይገኛል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ግን በ1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሰው በሁለት ሰዓት ባልሞላ የመኪና ጉዞ ከውርጭ ወደ ሐሩር ይሸጋገራል። ሰውየው ካፖርቱን ያወልቃል፤ ቤቱ ግን ክዳኑን ሊያወልቅ አይችልም። ደጋ ላይ አባት ከድኖት ልጅ የሚወርሰው የሣር ክዳን ቆላ ላይ ገና በጉብዝናው የሚያረጅበት ምክንያት ምንድን ነው? ይኸው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። የተማርነው በአብዛኛው ስለ ኮንክሪትና ስለ ብረት ነው፤ የምናሰላውም እነርሱኑ ነው። ሆኖም ከአገራችን ሕዝብ የሚበዛው ዛሬም በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የሣርንና የጭድን ጠባይ ማወቅ ለሙያችን የታሪክ ጌጥ ሳይሆን ያልተወጣነው ግዴታ ነው።

ዕቃዎቹ

በዚህ ጽሑፍ «ቃጫ ነክ የሕንፃ ዕቃዎች» የምለው ከዕፅዋት ተገኝተው በክራቸው ጥንካሬ ለሕንፃ የሚያገለግሉትን ነው። ለክዳን የሚሆኑት ጓሳና ሰንበሌጥ፣ ከምርግ ጭቃ ጋር የሚቦካው የጤፍ ጭድ፣ ማገርና ወጋግራ የሚታሰርበት ልጥና ገመድ፣ በቆላ ለግድግዳና ለጣራ ማልበሻ የሚውለው የማሽላ አገዳ፣ ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራው ሰሌን፣ በመጨረሻም ቃጫ ራሱ በዚህ ስም ሥር ይጠቃለላሉ። ቋሚውና ማገሩም እንጨት በመሆናቸው የዚሁ ቤተሰብ አባሎች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ በመልክ ቢለያዩም በውስጣዊ አሠራራቸው አንድ ናቸው። ሦስት ዋና ዋና ነገሮች አሏቸው። የመጀመሪያው ሴሉሎስ ሲሆን፣ እንደ ኮንክሪት ብረት ስበትን የሚሸከመው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሄሚሴሉሎስ ርጥበትን አብዝቶ የሚመጥና ከሁሉ ቀድሞ የሚበላሽ ነው። ሦስተኛው ሊግኒን ክሮቹን እርስ በርሳቸው የሚያጣብቅና ለተባይም ሆነ ለሻጋታ በቀላሉ የማይበገር ሙጫ ነው። የአንድ ሣር ወይም እንጨት ዕድሜ የሚለካው እነዚህ ሦስቱ በሙቀትና በርጥበት ፊት በሚያሳዩት ጽናት ነው።

ሙቀት የሚሠራው ሥራ

የሆላንዱ ሊቅ ቫንት ሆፍ እ.ኤ.አ. በ1884፣ የስዊድኑ አርሄኒየስ ደግሞ በ1889 የሙቀት መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት እንዴት እንደሚጨምር አስረዱ። ከእነርሱ ሥራ የተገኘውና መሐንዲሶች በግምት የምንጠቀምበት ደንብ፣ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የለውጡ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል የሚል ነው። የአገራችን ባልቴቶች ይህን ደንብ ከሁለቱም ሊቃውንት አስቀድመው ያውቁታል። በቆላ የእንጀራ ሊጥ ቶሎ ይቦካል፤ በደጋ ይዘገያል። ሊጥን በቆላ የሚያፋጥነው ሕግ የክዳን ሣርን መበስበስም ያፋጥናል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ በ3,280 ሜትር ላይ ካለ የመንዝ አፋፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የ2,000 ሜትር ልዩነት የሙቀቱ ልዩነት 13 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከላይ በተጠቀሰው ደንብ መሠረት ይህ ልዩነት የእርጅናን ፍጥነት ወደ ሁለት ጊዜ ተኩል ያደርሰዋል። ሌላው ሁኔታ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ደጋ ላይ 30 ዓመት የሚኖር ዕቃ ቆላ ላይ 12 ዓመት ይኖራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሌላው ሁኔታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ታሪኩም የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ሴሉሎስ በ25 ወይም በ35 ዲግሪ ሙቀት ብቻውን በቶሎ አይጠፋም። በግብፅ ከጥንት የጭቃ ጡቦች ውስጥ ጭድ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ሳይበሰብስ ተገኝቷል፤ የግብፅ ሙቀት ደግሞ ከይፋት የሚያንስ አይደለም። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በድንጋይ ንብብር ተሠርቶ በዋሻ ውስጥ በመቆሙ፣ ዝናብ ስለማያገኘው እንጨቱ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ ዛሬ ጸንቷል። ስለዚህ ዋናው ጠላት ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከርጥበት ጋር የተባበረ ሙቀት ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። እንጨትንም ሆነ ሣርን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሕይወት ያለው ፍጡር ስለሆነ ውኃ ያስፈልገዋል። የእንጨቱ ርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ፈንገስ ሊያድግ አይችልም። ከዚያ ሲያልፍና የአየሩ ሙቀት ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን ይፈነጫል። ወደ ቅዝቃዜ ሲጠጋ ሥራው እየደከመ ሄዶ ሊቆም ይደርሳል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ሐሳብ በአንድ ቀላል ስሌት ጠቀለለው። ከወሩ አማካይ ሙቀት 2 ይቀነሳል፤ ዝናብ ከዘነበባቸው ቀናት ቁጥር 3 ይቀነሳል፤ ሁለቱ ተባዝተው ለ16.7 ይካፈላሉ፤ የ12ቱ ወራት ውጤት ሲደመር የአንድ ቦታ የመበስበስ አደጋ ይገኛል። ድምሩ ከ35 በታች ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ፣ ከ65 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ የክረምት ወር 20 የዝናብ ቀናት አሉ እንበል። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሆነበት ደጋ ውጤቱ 8.1 ነው፤ 23 ዲግሪ በሆነበት ቆላ ግን 21.4 ይሆናል። የዝናቡ ቀናት በቆላው 12 ብቻ ከሆኑ ውጤቱ ወደ 11.3 ይወርዳል፤ 3 ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ባዶ ነው። እነዚህ ለማስረጃ የተወሰዱ እንጂ በቦታው የተለኩ ቁጥሮች አይደሉም። ነገር ግን የይፋትን ጠባይ በትክክል ያሳያሉ። ቆላው በበጋ ለሣር ቤት ደግ ነው፤ በክረምት ግን ጨካኝ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚያደርሰው ጥፋት ደጋው ዓመቱን ሙሉ ከሚያደርሰው ሊበልጥ ይችላል።

በዚህ ላይ ምስጥ ይጨመራል። ምስጥ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ ነፍሳት በመሆኑ ሙቀት ሲጨምር ሥራው ይጨምራል። በመንዝ አፋፍ ብርቅ ሲሆን በቆላ ግን የቋሚውን ሥር ከመሬት በታች ጀምሮ ይበላል። ሌላው የፀሐይ ጨረር ነው፤ ሊግኒንን ከላይ ከላዩ እየፈታ ሣሩን ያገረጣዋል፤ ዝናብ ሲመጣም የተፈታውን ያጥበዋል። ቀን መድረቅ፣ ሌሊት ርጥበት መሳብ፣ እንደገና መድረቅ ክሮቹን ያደክማል።

የጓሳ ሣርና የቄሮ ሥርዓት

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከይፋት ቆላ በስተ ምዕራብ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የመንዝን ገደል ያያል። በዚያ አፋፍ ላይ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ፣ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ አለ። የጓሳ ቅጠል ቀጭን፣ የተጠቀለለና ጠንካራ ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያና ከዝናብ ለሚያስጠልለው ገሳ ያገለግላል።

የመንዝ ሕዝብ ይህን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሥርዓቱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። ሜዳው የአስቦና የጌራ ወገን ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ይጠበቅ ነበር። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያህል ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ይህን ሥርዓት ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የዱር አራዊትና የግጦሽ ጥበቃ ምሳሌ አድርገው ያነሡታል። በእኔ አስተያየት ግን የሕንፃ ዕቃ ጥራት መቆጣጠሪያ ደንብም ነበር። ብዙ ዓመት የቆመ ሣር የበሰለ ነው፤ ሊግኒኑ የበዛ፣ ሻጋታን የሚመግበው ስኳር ደግሞ ያነሰ ነው። በበጋ የታጨደ ሣር ደርቆ ስለሚከደን ገና ከመጀመሪያው ከ20 በመቶው የርጥበት ወሰን በታች ይሆናል። ለጋ ሣር በክረምት አጭዶ የከደነ ሰው የሻጋታን ዘር አብሮ ከደነ። ስለዚህ ቄሮው «ያልበሰለና ያልደረቀ ዕቃ ለሥራ አይግባ» የሚል ደንብ ነበር፤ በዘመናችን የሥራ ውል ላይ የምንጽፈው አንቀጽ ከዚህ አይለይም።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የመሬት ይዞታ ሲለውጥ የቄሮው ሥልጣን ፈረሰ፤ ሜዳውም ለሁሉ ክፍት ሆነ። ከዚያም በ1970ዎቹ መጨረሻ የመንደር ምሥረታው ዘመቻ በብዙ ቦታ ለአዳዲስ ቤቶች እጅግ ብዙ እንጨትና ሣር በአጭር ጊዜ እንዲፈለግ አደረገ። በኋላ የመንዝ ሰዎች ሥርዓቱን በአዲስ መልክ አንሠራርተው፣ ጓሳ ዛሬ በሕዝብ የሚጠበቅ ክልል ሆኖ ይገኛል። ሣሩ ድኗል፤ ሣሩን የሚጠቀመው የከዳኝ ሙያ ግን በዚያው መጠን አልዳነም።

የይፋት ቆላ ግንበኞች

የቆላው ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1285 ጀምሮ እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በገዛው በዚህ አገር ኖራ፣ አስበሪና መሳል የተባሉትን ቦታዎች ፎቬልና ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን የታሪክ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጥንተዋቸዋል። የመስጊድና የቤት ግንቦች ከተወሰነ ከፍታ ጋር ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ጣራ ግን የላቸውም። ጣራቸው ከእንጨትና ከመሰል ጠፊ ዕቃዎች የተሠራ እንደነበር መገመት ይቻላል። የቆላው አየር ከስድስት መቶ ዓመት ሕንፃ ውስጥ የመረጠውን ወስዶ የማይፈልገውን ትቷል። የአርጎባ ሕዝብ በወሎ በሾንኬ እንደሚታየው የድንጋይ ግንብን ሙያ አቆይቷል።

ከአርጎባ በስተ ምሥራቅ ያለው የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ ለዚሁ ጥያቄ ተቃራኒ መልስ ሰጠ። ቤቱን ከታጠፈ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን ይሠራል፤ በግመል ጭኖ ይሄዳል። ሰሌኑ ሲያረጅ ቤቱ አያረጅም፤ ያረጀው ሰሌን ብቻ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ሙቀት ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው ያወቀ ሰው ዘላቂነትን ከዕቃው አልጠበቀም፤ በመተካት ዘዴ አገኘው። ዛሬ የጥገና ምሕንድስና የምንለው ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው የይፋት ገበሬ የጭቃ ቤት ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ እንዲሁም በ1842 በአልዩ አምባ የተቀመጠው ጆንስተን ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው በቆላው በኩል ወደ አንኮበር ሲወጡ ያዩት የሣር ክዳን ያለውን የሸዋ ቤት ነበር። ይህ ቤት ምስጢሩ በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

አንደኛው የክዳኑ ማዘቅዘቅ ነው። ሣር ውኃ የማያሳልፍ ዕቃ አይደለም፤ ውኃውን የሚያሸሸው ቁልቁለቱ ነው። ክዳኑ ሲዘቀዝቅ ዝናብ የላይኛውን ስስ ንጣፍ ብቻ አርሶ ይወርዳል፤ ከሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ከግድግዳው ርቆ የሚወጣው ክፍክፍ ነው፤ ምርጉንና የቋሚውን ሥር ከዝናብ ይጠብቃል። ሦስተኛው ጢስ ነው። የምድጃው ጢስ ክዳኑን ከውስጥ ያደርቃል፤ በሣሩና በእንጨቱ ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻም ፈንገስንና ነቀዝን የሚያባርሩ ቅመሞች አሉበት። ለዓይንና ለሳንባ ክፉ የሆነው ጢስ ለጣራ መድኃኒት ነበር። አራተኛው የድንጋይ መሠረቱ ነው፤ እንጨቱን ከረጠበ አፈር ያርቀዋል፤ ምስጥም ተሸሽጎ እንዳይወጣ ያግደዋል።

በጭቃው ላይም ሙቀት የራሱ ሥራ አለው። ምርጉ ከመመረጉ በፊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይሰነብታል። በዚህ ጊዜ ጭዱ በከፊል ይፈታል፤ ከእርሱ የሚወጣው ልጋም አፈሩን ያጣብቃል። ይህ እንደ ሊጥ መቡካት ያለ ነገር ስለሆነ በቆላ በጥቂት ቀናት የሚደርሰው በደጋ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል። አብዝቶ ከሰነበተ ደግሞ ጭዱ ጥንካሬውን አጥቶ ምርጉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጊዜውን የሚወስነው የአቡኪው አፍንጫና እጅ ነበር። ስለዚህ ሙቀት ምንጊዜም ጠላት አይደለም፤ መጠኑን ለሚያውቅ ሰው ወዳጅ ነው።

ቆርቆሮና ሲሚንቶ

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የቆርቆሮ ጭነት ቀለለ። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የጣርማ በር ዋሻ ተፈልፍሎ የደሴ መንገድ ለከባድ መኪና ሲመች ደግሞ ቆርቆሮ ወደ ይፋት የሚወርድበት መንገድ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጡ።

ሕዝቡ ቆርቆሮን የመረጠው በከንቱ አይደለም። ቆርቆሮ ከእሳት ይጠብቃል፤ በየጊዜው ክዳን መለወጥን ያስቀራል፤ የዝናብ ውኃ ለመሰብሰብ ይመቻል። የግጦሽ መሬት ሲታረስም ሣሩ ራሱ ብርቅ ሆነ፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር ጭዱ ከግድግዳ ይልቅ ለከብት ይፈለጋል። ስለዚህ ሣርን አመስግኖ ቆርቆሮን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ነገር ግን ዋጋውን ማስላት የእኛ ፈንታ ነው። የክዳን ሣር ሙቀትን የማሳለፍ ችሎታው በሜትርና በዲግሪ 0.07 ዋት ያህል ሲሆን የብረት 50 ገደማ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሣር ክዳን ጥሩ የሙቀት መከላከያ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ቆርቆሮ ግን ከምንም አይቆጠርም። በጠራ ፀሐይ ያረጀ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ሌሊት ደግሞ ከአየሩ በታች ቀዝቅዞ ጤዛ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ያለው እንጨት በቀን ይደርቃል፣ በሌሊት ይረጥባል፤ ሚስማሩም እየላላ ይሄዳል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል የቆርቆሮው ክፍክፍ ማጠሩ ነው። አሮጌው ክዳን የሸፈነው የግድግዳ ሥር አሁን ለዝናብ ተጋለጠ፤ የምርጉ ጭድና የቋሚው ሥር በሞቃት ርጥበት መካከል ሆኑ። በላይ ዘላቂ ዕቃ አስገብተን በታች ያለውን ዕድሜ አሳጠርን።

ከዓለም የምንማረው

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፍሪካና በሌሎች ሞቃት አገሮች ቃጫ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ ርካሽ የጣራ ሰሌዳ እንዲሠራ ብዙ ተሞክሮ ነበር። ሰሌዳው ሲሠራ ጠንካራ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብዙው ተሰባሪ ሆነ። የስዊድኑ መሐንዲስ ሃንስ-ኤሪክ ግራም እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት ምክንያቱን ገለጠ። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ውኃ እጅግ አልካላይን ነው፤ የቃጫውን ክሮች የሚያጣብቁትን ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ ይፈታቸዋል። መርጠብና መድረቅ፣ መሞቅና መቀዝቀዝ ሲፈራረቁ ደግሞ ይህ ይፋጠናል። በቀዝቃዛ አገር ላብራቶሪ ብዙ ዓመት የሚቆይ ሰሌዳ በሐሩር ጣራ ላይ በጥቂቱ አለቀ። መፍትሔው የሲሚንቶውን አልካላይነት በተጨማሪ ሲሊካ መቀነስ ወይም ቃጫውን ማስቀረት ሆነ፤ ብዙዎች ሁለተኛውን መረጡ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ የአንድን ዕቃ ዕድሜ በአንድ አየር ለክቶ ለሌላው አየር ማዋስ አይገባም።

ሙቀት ግን ለቃጫ ነክ ዕቃ ጥቅምም ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ቴዎዶር ዲደን ገለባን በ200 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ማመቅ ጀመረ፤ የገለባው ሊግኒን ቀልጦ ያለ ሌላ ሙጫ ሰሌዳ ያደርገዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተመሠረተው የሕንፃ ኮሌጅ ወራሽ በሆነው የአዲስ አበባው ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ገደማ በታመቀ ገለባ ሰሌዳ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ለይፋት የሚስማማ መሆኑን ግን መልስ የሚሰጠው የአዲስ አበባ አየር ሳይሆን የይፋት ክረምት ነው።

ዘላቂነት የደኅንነት ጉዳይ ስለመሆኑ

አንዳንድ ባልደረባ ይህን ሁሉ እንደ ምቾት ጉዳይ ሊያየው ይችላል። የይፋት መሬት ግን እንዲህ እንዳናስብ ያስገድደናል። አገሩ በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ይገኛል። በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የተነሣው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ትልቁ ከ6 በላይ መጠን የነበረው ሲሆን የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ጥሏል። ታሪኩን የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ መሥራች የነበሩት ፒዬር ጉዌን መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ሳያቋርጡ የተከታተሉት ነውጦችም ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ አሳስበዋል።

ደኅና የተዋቀረ የእንጨትና የጭቃ ቤት ቀላልና ተለማጭ በመሆኑ በነውጥ ጊዜ ከማይታሰር የድንጋይ ግንብ የተሻለ ዕድል አለው። ተለማጭነቱን የሚሰጠው ግን ልጡና ገመዱ፣ የማገሩና የቋሚው መጋጠሚያ ነው። ልጡ በሞቃት ርጥበት ከበሰበሰ፣ የቋሚውን ሥር ምስጥ ከበላው፣ ቤቱ ሲታይ የቆመ ሲነካ የሚወድቅ ይሆናል። እንግዲህ የሙቀትና የቃጫ ዝምድና የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በደጋ ቀዝቃዛ አየር ለ20 ዓመት የታመነ ማሰሪያ በቆላ በስንት ዓመት መለወጥ እንዳለበት የሚነግር አንድም ሰንጠረዥ በእጃችን የለም።

ምን ይደረግ?

በ1987 ዓ.ም. የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንቦች ለኮንክሪት፣ ለብረት፣ ለእንጨትና ለግንብ የየራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ አብዛኛው ሕዝብ ለሚኖርበት የጭቃና የሣር ቤት ግን ቅጽ አልተመደበለትም። ለዚህ ቤት የሚቆረቆረው ደንብ በሌለበት ሁሉም በየራሱ ግምት ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ጥፋት ብዙ ቤቶች ተቃጥለው ሕዝቡ እንደገና መሥራት ግድ ሲሆንበት፣ ለቆላ አየር የተጠና ቀላል መመሪያ በእጁ ቢኖረው ኖሮ ምን ያህል በተጠቀመ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ዓይነት ዕቃና በአንድ ዓይነት አሠራር የተዘጋጁ የክዳን፣ የምርግና የልጥ ናሙናዎች በሦስት ቦታ፣ ማለትም በጓሳ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት፣ ለአሥር ዓመት ተቀምጠው በየዓመቱ ጥንካሬያቸው ይለካ። ተፈጥሮ በአንድ መንገድ ዳር ያዘጋጀችልን ላብራቶሪ ነው፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ከዳኞችና የጭቃ አቡኪዎች በሕይወት እያሉ ሙያቸው ይመዝገብ፤ መቼ እንደሚያጭዱ፣ ስንት ቀን እንደሚያሰነብቱ፣ በምን እንደሚያስሩ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ከእነዚህ ተነሥቶ ለባለ ቤቱ በሚገባ አማርኛ አጭር መመሪያ ይዘጋጅ፤ ስለ ክፍክፍ ርዝመት፣ ስለ መሠረት ከፍታ፣ ስለ ማሰሪያ መለወጫ ጊዜና ከቆርቆሮ ሥር ስለሚገባ የሣር ወይም የአገዳ ሙቀት መከላከያ ይናገር።

የመንዝ አባቶች ሣሩ ሳይበስል እንዳይታጨድ ሕግ አወጡ፤ የአፋር እናቶች ሰሌኑ ሲያረጅ በአዲስ ተኩ፤ የይፋት ገበሬ ጭቃውን በሙቀቱ ልክ አቦካ። ማናቸውም ቁጥር አልጻፉም፤ ሁሉም ግን ያሉበትን አየር ጠይቀው ሠሩ። ቁጥሩን የመጻፍ ተራ የእኛ ነው። ደርሰን ካልጻፍነው ደግሞ በሚመጣው ክረምት የይፋት ቋሚዎች ከሥራቸው መበስበሳቸውን ይቀጥላሉ፤ በሚመጣው ነውጥም የሚጠየቀው ሰማይ ወይም ምድር አይሆንም።